ያዘገየሁት ደወል

በጃንሆይ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆነ ነው። አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን እንኳን ልረሳው አንድ ቀን ሳላስበው አልዋልሁም።

ጎንደር ውስጥ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትልቅ አዳራሽ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን ሲኒማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቦክስ ይደረግበታል። እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ከቅኔ ቤት እየሾለክሁ እሄዳለሁ። ቦክስ የሚያስተምሩት ሰውዬ፣ ዲያቆን አይዋሽም ብለው የኪስ ሰዓታቸውን ሰጡኝና ደዋይ አደረጉኝ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እመታለሁ፤ ዙሩ ያበቃል። ኩራቴ አይጣል ነበር።

የዚያን ቀን አብሮ አደጌ ጥላሁን፣ ሞላ ከሚባል የማክሰኝት ልጅ ጋር ገጠመ። ሁለት ዙር ሙሉ ጥላሁን ተቀጠቀጠ። በመጨረሻው ዙር ነገሩ ተገለበጠ፤ ሞላ ደከመውና እጁ ወረደ። ሰዓቱን አየሁ፤ ሞልቷል። ከእኔ በቀር የሚያየው የለም። ጥላሁን አንድ ቡጢ ቢያሳርፍ ያሸንፋል። ትንሽ ልቆይ ብዬ ብረቱን እንዳነሳሁ ያዝሁት። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ቡጢው አረፈ። ሞላ ወደ ኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጋር ተላተመ። ያኔ ደወልሁ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሞተ።

አባቱ አያ ደምሴ ከታላቁ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ጠመንጃ ይዟል። በሰዓቱ ውስጥ ተመትቶ ከሆነ ጨዋታ ነው፤ ካለፈ በኋላ ከሆነ ግን ደም ነው፣ ይመለሳል።

«ዲያቆን ነህ አሉኝ» ብለው ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «ልጄ ሲመታ ሰዓቱ አልፎ ነበር?»

«አላለፈም፣ አያ።»

«ሸጋ። እንግዲያስ ደም አንፈልግም።»

ለጥላሁን ነፍስ ብዬ ነው እያልሁ ብዙ ዓመት ራሴን ደለልሁ። የት አባቱ! ለራሴ ፈርቼ ነው።

ለአርባው አስጠሩኝ። ፍትሐቱ ላይ ቆሜ ለሞላ ነፍስ ከካህናቱ ጋር ጸለይሁ። ከዚያ አያ ደምሴ ዳሱ ውስጥ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። እውነቱን ነግረኸኝ የቀረውን ልጄን ከደም አተረፍህልኝ አሉና በእጃቸው አጎረሱኝ። ዋጥሁት።

ድቁናውን በዚያው ተውሁት። ጥላሁንም አያ ደምሴም አልፈዋል፤ ይቅር በሉኝ የምለው ሰው የለም። እስከ ዛሬ ሰው ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ ፊቴን አዞራለሁ። ልጆቼ፣ አባባ ጉርሻ አይወድም እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።