ክቡርነታቸው ያልሰሙት ድምፅ

ሰሌዳ ጻፊው በሆስፒታሉ ማሽን ላይ የተለጠፈውን ባንዲራ በምላጭ እየፋቀ ሳለ ማሽኑ ተናገረ። የሴት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ የማይቸኩል፣ በባዕድ ቋንቋ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል፤ ደግሞ ያንኑ ይደግማል።

«ጣውንቴ ዛሬ ተቆጥታለች» አለች ሚስቱ፣ ደሟ በቀጭን ቱቦ ወደ ማሽኑ እየሄደ እየተመለሰ። «ምን አድርገሃት ነው?»

«ልብሷን ገፈፍኳት።»

ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን የሚያጥብላት ይህ ማሽን ነው። ማሽኖቹን የለገሰው መንግሥት እስከ ትናንት ወዳጅ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው አገራቸው ከለጋሹ ተቆራርጣ ለተቀናቃኙ መንግሥት እውቅና መስጠቷን ተናገረ። ሁለቱም የአንድ አገር ሕጋዊ መንግሥት እኔ ነኝ ባዮች ናቸው፤ ቋንቋቸውም አንድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለጋሹ መንግሥት ከማሽኖቹ ጋር የላከው ቴክኒሻን አልመጣም። በግቢው ያለው ክፍሉ ሲከፈት መብራቱ በርቷል፣ ሻዩ ተቀድቷል፣ ነጠላ ጫማው አልጋው ሥር ነው። የድምፁን ትርጉም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ያዳምጣል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ድምፁ ይጠፋል።

ዳይሬክተሩ ብቅ አሉ። «የአዲሱ ወዳጃችን እንግዶች አራት ሰዓት ላይ ይገባሉ። የግድግዳው ባንዲራስ?»

የግድግዳውን ሲፍቅ ከሥሩ ሌላ ባንዲራ ወጣ፤ የዛሬዎቹ እንግዶች ባንዲራ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ራሱ ስሎ ራሱ የሸፈነው ነው። ቀለሙ ገና ትናንት የተቀባ ይመስላል።

«ዶክተር፣ ከሚባረሩት ቴክኒሻኑን ብቻ አስቀሩልኝ። አንድ ሰው ነው።»

«አንድም ቢሆን የነሱ ነው። እሱን ካስቀረን ዛሬም እናውቃችኋለን ማለት ይሆናል። ከበላይ ጋር አታጣላኝ፣ ወንድሜ።»

ነርሷ ቁልፎቹን በግምት ነካካች። ድምፁ ቀጠለ። ከዚያ የሁለተኛው አልጋ ማሽን ተቀበለ፤ ቀጥሎ የሦስተኛው። እንግዶቹ ሲገቡ አምስቱም ማሽኖች እኩል እየተናገሩ ነበር።

ዋናው እንግዳ በሩ ላይ ቆመው አደመጡ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ሰሌዳ ጻፊው አየ፤ ገብቷቸዋል።

መንገድ ዘጋባቸው። «ጌታዬ፣ ምን እያለች ነው?»

አስተርጓሚው ጥያቄውን አደረሰ። እንግዳው ሴትዮዋን አዩ፣ ቱቦውን አዩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱ።

«ክቡርነታቸው እዚህ ክፍል ውስጥ ማሽን የለም ይላሉ። የሰሙትም ድምፅ የለም።»

«አንተስ?» አለች ሚስቱ አስተርጓሚውን። «አንተም ጆሮ የለህም?»

ፎቶ አንሺው ሁሉም ወደ ባንዲራው ጠጋ እንዲሉ ለመነ።

ማሽኖቹ በማግስቱ ቆሙ። ሰሌዳ ጻፊው ሚስቱን በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበረ፤ አዲሶቹ ማሽኖች የደረሱት ከሰባት ወር በኋላ ነው።