የእህቷ ዳክዬዎች ውጤት

የእንስሳት በሽታ በምንመረምርበት ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከባልደረባዬ አፍ ያልተረጋገጠ ውጤት ያወጣ ሰው የለም። አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረን ስለምንሠራ፣ ስንቱን ዶሮ አርቢ «ነገ ይምጡ» ብላ እንደመለሰች የማውቀው እኔ ነኝ። አለቃችን ሲቆጣ እንኳ «ግማሽ ውጤት አልሰጥም» ትለውና ወደ ማይክሮስኮፗ ትመለሳለች። ግትር ናት። ይሄን ስል ማማቴ አይደለም፤ ፊት ለፊትም ነግሬያታለሁ።

ታላቅ እህቷ ጓሮዋ ውስጥ ዳክዬ ታረባለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መተዳደሪያዋም የወሬ ጓደኞቿም እነሱ ናቸው። አንድ ሰሞን ዳክዬዎቹ አንገታቸው እየተጠማዘዘ ይወድቁ ጀመር። እህትየው የሞቱትን በፌስታል ይዛ መጣች። ስንከፍተው ላባቸው ተነጭቷል፣ ሆድ ዕቃቸው ወጥቷል፣ በበረኪና ታጥበው ነጭ ሆነዋል።

«እትዬ፣ ልንጠብሳቸው ነው እንዴ?» አለቻት።

«ታዲያ አንቺ መሥሪያ ቤት ቆሻሻ ይዤ ልምጣ? ሰው ምን ይለኛል?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በረኪናው ግን ለምርመራ የሚሆን ነገር አላስተረፈም፤ ጀርም በምናበቅልባቸው ሳህኖች ላይ ምንም አልበቀለም። ስለዚህ ባልደረባዬ ራሷ ሄዳ የታመመች፣ ነፍሷ ያልወጣች ዳክዬ አመጣች። ለእህቷም እቅጩን ነግራት ነው የመጣችው፦ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ መንጋው በሙሉ ይወገዳል፤ ሌላ ባክቴሪያ ከሆነ መድኃኒት አለው።

ዳክዬዋን ገድላ ከአንጎሏ ናሙና ወሰደችና ሁለት ማብቀያ ሳህኖች ላይ ቀባችው። አንደኛው ደም ያለበት ነው። ሌላው ሮዝ ቀለም ያለው፣ ሳልሞኔላ ቢኖር የሚበቅልበት ነው። በነጋታው ደም ያለበት ላይ በቅሏል፤ ሮዙ ባዶ ነው። ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት። አላነሳችም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሳልሞኔላ አይመስልም በያትና ትረፍ» አልኳት። ተናድጄ ነበር።

«ማረጋገጫው ነገ ነው። ብሳሳትስ? የልጅ ልጆቿ እንቁላሉን ይበላሉ።»

ስልኩ ደጋግሞ ጮኾ ዝም አለ።

በማግስቱ ተረጋገጠ፤ ሳልሞኔላ አልነበረም። የበቀለውን ባክቴሪያ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋውም ታወቀ። መድኃኒቱን ገዝታ፣ እኔንም አስከትላ ወደ እህቷ ሄደች። እንደዚያ ስትጣደፍ አይቻት አላውቅም።

ጓሮው ጭር ብሏል። እህትየው አንድ ጥግ ላይ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር በአካፋ እየደለደለች ነበር።

«ስልክ አላነሳ ስትይ ገባኝ» አለች። «ልትነግሪኝ ከብዶሽ ነው ብዬ፣ ሰው መጥቶ ከሚገድልብኝ ራሴ ጨረስኳቸው። ለልጆቹ ሰግቼ ነው።» ቀና ብላ አየቻት። «ሳልሞኔላው ነው፣ አይደል?»

እኔ አቀርቅሬ መሬት መሬቱን አየሁ። ባልደረባዬ መድኃኒቱን የያዘውን ቦርሳ ወደ ጀርባዋ አዞረችው።

«አዎ እትዬ፣ እሱው ነው» አለች። «ደግ አድርገሻል።»