የእናቴ ክፍል እርጥብ ግድግዳ

ሆሳዕና ከተማ ቤት ሠርቼ ስጨርስ ከሳሎኑ ይልቅ የኮራሁት በጓሮ በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል ነበር። ለእናቴ ብዬ ነው ያሠራኋት። አባቴ ካረፈ ጀምሮ በሾኔ በኩል ባለው መንደራችን ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ጭቃ አንሸራቷት ወደቀችና ጎረቤት እስኪያገኛት ድረስ ግማሽ ቀን እደጅ ተኝታ ዋለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሰላም የሚባል ነገር አልነበረኝም። እሷ ግን "ከተማ ገብቼ ምን ልሠራ?" ብላ ድርቅ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ላክሁባት። በመጨረሻ "እሺ፣ ክረምቱን ልሞክረው" አለች። "ካልተስማማኝ ግን ለመስቀል አገር ቤት ስንሄድ እዚያው እቀራለሁ። ያኔ እንዳትጨቀጭቀኝ።"

ተስማማን። ሰኔ ላይ መጣች። ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ሰባት የእንሰት ችግኝ ወረደ።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ጓሮው ባዶ የሆነ ቤት ቤት ነው እንዴ?"

ዕቃዋን እንኳ ሳትፈታ ከክፍሏ መስኮት ሥር፣ ግድግዳው ላይ ጥግት አድርጋ በረድፍ ተከለቻቸው። እጇን በመስኮት ብታወጣ ቅጠሉን እንድትነካው ነው። ከዚያ በኋላ ከብት ካላቸው ጎረቤቶች ፍግ እየለመነች ግንዳቸው ሥር መከመር ሆነ ሥራዋ። የዕቃ እጣቢውም በየቀኑ የእነሱ ነው። እንሰቶቹ ፋፉ፣ የእሷም ፊት ፈካ። እኔም "ለመደች፣ አበቃ" ብዬ ባለቤቴን ጠቀስኳት።

ሐምሌ ሲጋመስ ባለቤቴ ጠራችኝ። ከእናቴ አልጋ ጀርባ ያለው ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል። ቀለሙ ተነፋፍቶ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ጥግ ጥጉን ሻጋታ ይዞታል። "ምንም አይደል፣ አዲስ ቤት ነው" አለች እናቴ፣ ግን ጉልበቷን እያሸች ነበር። የልብስ ሳጥኗንም ከወለሉ ከፍ አድርጋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣዋለች። አገር ቤት ያለው የሣር ጎጆዋ በስንት ክረምት አንድ ጠብታ አላስገባም። የእኔ የሲሚንቶ ቤት ግን ገና በመጀመሪያው ዝናብ ረጠበ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

እኔ ደግሞ ሳፍር እቆጣለሁ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ውሃ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ቤቱን ለሠራልኝ ግንበኛ ደወልኩና "ጣሪያህ ያፈሳል! አሸንዳው እየሞላ ውሃው ግድግዳዬ ውስጥ እየገባ ነው!" ብዬ ጮህኩበት። ከዱራሜ የመጣ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው። "እሺ ቲቸር፣ መጥቼ ልየው" አለ። መጣ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነካካ፣ አሸንዳው ውስጥ ውሃ በባልዲ ደፋ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

"ቲቸር፣ ጣሪያው ደህና ነው።"

"ግድ የለህም፣ ሬንጅ ቀባው!"

ደህናውን ጣሪያ ሬንጅ ቀባልኝ። ግድግዳው እንደሆነ መርጠቡን አልተወም።

ስለዚህ ጥፋተኛው የሻወር ቤቱ ቧንቧ ነው አልኩ፤ ክፍሏ ከሻወር ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የምትገናኘው። ማንንም ሳላማክር መዶሻና መሮ ይዤ ገባሁና አዲሱን ሴራሚክ አደቀቅኩት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ "አንተ ሰውዬ፣ በጤናህ ነው?" ትላለች። ቧንቧው ተገኘ። ደረቅ ነው፤ እንዲያውም አቧራ ነበረበት።

"እህ፣ አገኘኸው?" አለችኝ።

የሴራሚኩን ስብርባሪ መጥረግ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ጎረቤት ቤት እየሄድን ነው ገላችንን የታጠብነው።

በነሐሴ መጨረሻ ባለቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እማማ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው" አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ነጠላዋ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ፣ ከእኛ የተቀበለችው ሹራብ ሳይቀር በአንድ ጥቅል ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ለመስቀል የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ያ ሰው የሌለበት ግቢ፣ ያ ጭቃ ታየኝ።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ግንበኛውን እንደገና ጠራሁት። ሲመጣ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት "ኧረ ተወው ቲቸር" ብሎ አቋረጠኝ። ግድግዳው ፊት ቁጢጥ ብሎ ከታች እስከ ላይ በመዳፉ ዳበሰው።

"እይማ" አለ። "ላይ ላዩ ደረቅ ነው። የባሰው ታች ነው። ይሄ ውሃ እየወረደ አይደለም፣ ከመሬት እየወጣ ነው።"

ጆሮዬ ጋለ። በየዓመቱ ተማሪ ፊት ቆሜ፣ ቀጭን ቱቦ ውሃ ውስጥ ነክሬ "አያችሁ? ውሃ ወደ ላይም ይወጣል" የምለው ሰውዬ እኔው ነኝ።

ዞረን ጓሮ ሄድን። የእንሰቶቹ ቅጠል መስኮቱን ሸፍኖታል። ሥራቸው ያለው አፈርና ፍግ ተከምሮ ተከምሮ የመሠረቱን ድንጋይ ውጦ ከአልጋዋ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ያ ክምር የክረምቱን ዝናብና የቤታችንን እጣቢ እየጠጣ ለእናቴ ክፍል ያቀብል ኖሯል። እናቴም እዚያው ቆማለች፤ በእጇ እጣቢ የሞላ ባልዲ ይዛለች።

እኔ የሀዲያ ልጅ ነኝ፣ ግንበኛው የከምባታ፤ በሁለቱም ዘንድ እንሰት የሴት ሀብትና ክብር ነው። አንዲትን እናት "እንሰትሽን ንቀይ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም አድገንበታል። ግንበኛው ቅጠሉን ዳበስ አድርጎ "እንዴት ያምራል፣ እማማ" አለ። "እውነትም" አልኩ እኔ። ከዚያ እሱ ሰማዩን ማየት ጀመረ፣ እኔ ጫማዬን።

"ምን ሆናችኋል?" አለች እናቴ። "ሰው ሞቷል እንዴ?"

እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ባልዲዋን አስቀመጠች። ክምሩን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

"ጣሪያ ላይ ስትወጡ የከረማችሁት ለዚህ ነው? ሻወር ቤቱን ያፈረስከው ለዚህ ነው? እንሰት እኮ ይዛወራል! አንድ ቦታ ተክለኸው ዝም ብለህ ልታየው ነው እንዴ? ሁለቴ ሦስቴ ተነቅሎ ካልተተከለ መቼ ይወፍራል? ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ ይላል!"

ሳቋ ሲበርድ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። "እኔ እኮ ቤቱ አልፈለገኝም ብዬ ነበር" አለች። አቀፍኳት።

በዚያው ቀን መምህሩና ግንበኛው ቆፋሪ፣ እሷ አዛዥ ሆነን ሰባቱንም ወደ ታችኛው አጥር አዛወርናቸው። "ጥልቅ አድርገው! ሥሩን አትቁረጠው! ኧረ ይሄ ልጅ!" ስትል ዋለች። ግንበኛው ክምሩን ጠርጎ ከግድግዳው ሥር ቦይ ቆፈረና ጠጠር ሞላበት። የረጠበውን ልስንም ፈቅፍቆ "እስኪደርቅ ድረስ በቀለም እንዳትነካው፣ ቲቸር" ብሎኝ ሄደ። በዓሉ ሲቃረብ ግድግዳው መንጣት ጀምሮ ነበር።

ለመስቀል ስንነሳ ግን ያን ጥቅል ይዛው ወጣች። ምንም አልጠየቅኳት፤ ቃሌ ነው። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሲበላ፣ ሲጫወት፣ እኔ የሥጋውን ጣዕም አላውቀውም። በመመለሻችን ቀን ሚኒባሱ ጥሩንባውን ደጋግሞ ሲነፋ እናቴ የለችም። ቀረች፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ከጎጆዋ ስትወጣ አየኋት። ጥቅሏን በአንድ እጇ ይዛለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ ከኋላዋ የእንሰት መፋቂያውን ጣውላ ተሸክማለች። እናቴ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ለጎረቤቷ ሰጠች።

"ይሄን ጣውላ ምን ልታደርጊው ነው?" አልኳት፤ ጣውላውን ከጎረቤቷ እየተቀበልኩ።

"እንሰቶቹ ሲደርሱ በምን ልፍቃቸው ነው? በጥርሴ?"

"መቼ ነው የሚደርሱት?"

"በአምስት ዓመት። አንተ ሻወር ቤት ማፍረስህን ካልተውክ በስድስት።"

"ከዚያስ?"

ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ተደላድላ ተቀመጠች። "ከዚያማ ሌላ እንተክላለን" አለች፣ "ከግድግዳው ራቅ አድርገን።"