ጋሽ ኤጀታ ለሻምበል አደን የያዙት ዕቃ

ሻምበል የጠፋው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሻምበል ስላችሁ ወታደር እንዳይመስላችሁ፤ የእትዬ አፀደ ተርኪ ነው። ዶሮ እንዳይሉት በጣም ትልቅ፣ ሰጎን እንዳይሉት እግሩ አጭር፣ አንገቱ ቀይ፣ ደረቱ የተነፋ፣ ሲራመድ ሰልፍ የሚጎበኝ ሹም የሚመስል ፍጡር።

እትዬ አፀደ ፈረንጆች ቤት ሃያ ዓመት ምግብ አብስለዋል። አሠሪዎቻቸው ይህን ተርኪ ለበዓል ገዝተውት፣ በዓሉ ሳይደርስ ድንገት ወደ አገራቸው ሄዱና ለእሳቸው ቀረ። እትዬም ቢላዋ አሳሉ፣ ዓይኑን አዩት፣ ቢላዋውን ወደ መሳቢያ መለሱ። ይኸው አራት ዓመት ሆነ። እሳቸው ሲስቁ እሱ ከግቢው ጥግ ጉልጉልጉል ብሎ ይመልስላቸዋል። ይህን የካ ዳገት ላይ የምንኖር ሁሉ እናውቃለን፤ አጥራችን ቆርቆሮ ነው፣ ምን ይደበቃል።

ሌላም የምናውቀው ነገር ነበር። ጋሽ ኤጀታ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ፣ ዳቦ ቤቱ በስተቀኝ ሆኖ ሳለ፣ በስተግራ ዞረው በእትዬ አፀደ በር ያልፋሉ። «እንዴት አደሩ» ይላሉ፤ መልሱን ሳይሰሙ ይሮጣሉ። ሚስታቸው ካረፉ ስምንት ዓመታቸው ነው። ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ ማሳቸው የነበረበት አያት ሰፈር አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ከዚያ በኋላ ዘበኛ ሆነው ጡረታ ወጡ። አሁን የሚኖሩት ከልጃቸውና ከልጃቸው ሚስት ከሲፋን ጋር ነው።

ሐሙስ ዕለት ውሻ ግቢ ገብቶ ሻምበልን ሲያባርረው፣ ያ ሰነፍ ወፍ ክንፍ እንዳለው ትዝ አለውና አጥሩን ተሻግሮ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ገባ። እትዬ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን ሲያጠማዝዙ ጋሽ ኤጀታ ደረሱ። በዚያ ቀን ግን አልሮጡም።

«አይጨነቁ፣ እኔ አመጣዋለሁ» አሉ።

«ጅብ ሳይበላው?»

«ሳይበላው።»

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ቃል ወጣ ማለት ነው፤ ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ከዚያ ወዲያ በግራም በቀኝም ዳቦ መግዛት አይሆንላቸውም።

ዕቃ መረጣው አንድ ምሽት ፈጀ። ሲፋን ብርቱካናማ የናይለን ጃኬት አመጣችላቸው። ለበሱት፣ ክንዳቸውን አነሱ፣ ጃኬቱ ተንኮሻኮሸ፣ አወለቁት። አዲስ ስኒከር ሰጠቻቸው፤ ነጭነቱ ከአያት ይታያል ብለው መለሱት። ከስልኳ ላይ የተርኪ ድምፅ ፈልጋ አሰማቻቸው፤ ወፍ በስልክ አይጠራም አሉ። አንዱ ጎረቤት ወንጭፍ ቢያቀብላቸው፣ የምፈልገው በሕይወቱ ነው ብለው አፈጠጡበት። የመረጡት የዘበኝነት ዘመኑን አመድማ ካፖርት፣ ጥቁር ኮንጎ ጫማ፣ ቆብ፣ ከፈረስ ጭራ የገመዱትን ወጥመድ፣ አንድ ኪስ በቆሎና በገመድ በጀርባቸው ያዘሏትን ትንሽ በርጩማ ነው።

ካፖርቱን ሲፋን ልጠበው ብትል ከእጇ ነጠቋት። አባታቸው እንጦጦ ሥር ቆቅ አጥማጅ ነበሩ። የአባታቸው ሕግ ልብስ አይታጠብም፣ በመንገድ ሰላምታ የለም፣ ወሬ የለም፣ ከሁሉም በላይ ሳቅ የለም ነው። አንድ ሰው ከሳቀ የዚያን ቀን አደን አበቃ፤ ወጥመድ ተጠቅልሎ ወደ ቤት።

ዓርብና ቅዳሜ ጋሽ ኤጀታ በዚህ ሕግ አደኑ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ወፍራም ባሕር ዛፍ ሥር በርጩማቸውን ተክለው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ዋሉ። ያዩት ጦጣ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችና አንድ ስፖርት የሚሠራ ወጣት ነው። ሴቶቹ ሰላም ሲሏቸው ዝም ስላሉ፣ ሽማግሌው ደንዝዘዋል ተብሎ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደረሰ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አንዲት ላባ ይዘው መጡ። እትዬ አፀደ ላባዋን ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ ዘረጓት። ከሐሙስ ጀምሮ ግቢያቸው ፀጥ ብሏል።

«ነገ እኔም አለሁ» አሉ።

«መናገር አይቻልም።»

«እሺ።»

«መሳቅም።»

«ምን የሚያስቅ አለና ነው፣ አቶ ኤጀታ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጡ። ጋሽ ኤጀታ ከፊት፣ እትዬ አፀደ ከኋላ፣ በዝምታ፤ ለተመልካች ልቅሶ የሚሄዱ ይመስላሉ። ዳገቱ ላይ ያ ወፍራም ባሕር ዛፍ ሥር ሲደርሱ ጋሽ ኤጀታ ካፖርታቸው ላይ ቅጠል ሰኩ፣ ቆባቸው ላይም ሁለት ጨመሩ። ከዚያ ያችን በርጩማ ከጀርባቸው አውርደው ሊተክሏት ጎንበስ ሲሉ፣ ዓርብ ዕለት ራሳቸው የዘረጉትና የረሱት ወጥመድ የቀኝ እግራቸውን ያዘ። ተንገዳገዱ፣ በርጩማዋ ላይ በደንብ ተቀመጡ፣ በርጩማዋም በደረቁ ቅጠል ላይ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረች። ኮንጎው ወጥመዱ ውስጥ ቀረ። ጋሽ ኤጀታ ቅጠል እንደተሰካባቸው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንድ እግራቸው ባዶ፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ባለሥልጣን በመኪና እንደሚያልፍ በእትዬ አፀደ ፊት አለፉ።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ። ጋሽ ኤጀታ ቁጥቋጦ ይዘው ቆሙና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ዝም ይበሉ ለማለት። ያን ጊዜ ነጠላውም አላገዳቸው። ሳቁ፣ ተቀምጠው ሳቁ።

ጋሽ ኤጀታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አደኑ አበቃ፣ ሻምበልም አበቃለት፣ እሳቸውም አበቃላቸው።

ጉልጉልጉል አለ አንድ ድምፅ ከላይ።

ሻምበል ሁለት ቀን ሙሉ ጋሽ ኤጀታ ትንፋሻቸውን ሰብስበው በተቀመጡበት በዚያው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነበር። የሚያውቀው ሰው ድምፅ ስላልሰማ እሱም ዝም ብሎ ነበር።

ጋሽ ኤጀታ ባዶ እግራቸውን እያነከሱ ወጡና እትዬ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። «ይሳቁ እስቲ» አሉ ቀስ ብለው። «ደግመው ይሳቁልን።»

«በትእዛዝ አይመጣም።»

ጋሽ ኤጀታ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ተነሥተው፣ ቅጠል በተሰካበት ቆባቸው፣ በዘበኛ ወግ ቀጥ ብለው ለሻምበል ሰላምታ ሰጡት። ያን ጊዜ ሳቁ መጣ። ሻምበልም እየመለሰ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየወረደ፣ እትዬ እግር ሥር ዱብ አለ።

ካፖርቱ ውስጥ ጠቅልለው፣ ጋሽ ኤጀታ አቅፈውት ወረዱ። በመንገድ ያገኙትን ሁሉ ሰላም አሉ፤ ያላወቁትንም።

ካፖርቱ በዚያው እትዬ ቤት ቀረ፤ ተቀዷል፣ ልስፋው ብለው። ኮንጎውም ይታጠብ ተባለ። ባለፈው ሳምንት ሲፋን በርጩማዋን ብትፈልግ አጣቻት፤ የት እንደሄደች አማቿን ብትጠይቅ ቆባቸውን አንሥተው እየወጡ ነበር።

«አደን ላይ ናት» አሏትና በስተግራ ዞሩ።