በቆርቆሮ ግድግዳ በኩል የሰማሁት ፊልም

ባለቤቴና ታናሽ ወንድሙ በአንድ የድሮ የቻይና ካራቴ ፊልም መጨረሻ ላይ መጨቃጨቅ የጀመሩት እኔ ሳላገባ በፊት ነው። እሁድ እሁድ ወንድሙ ከቸርች መልስ አክስታቸው ዘንድ ካደገበት ከአስኮ ይመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ሳህኑ ሳይነሳ ያንኑ ፊልም ያነሳል። ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። በዚያ እሁድ ግን ጭንቀት ሊገድለኝ ደርሶ ነበር፤ ልጄ እያዳመጠቻቸው ነበርና።

ልጄ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ከትምህርቷ ጎን ለጎን ውሹ የሚባለውን የቻይና ስፖርት ትሠራለች። ወደ ኮሌጅ ስትሄድ አየር ጤና ላይ ታክሲ ትቀይራለች። ሐሙስ ጠዋት እዚያ አንድ ወያላ ወደ መኪናው ሊያስገባት ክንዷን ይዞ ጎተታት። «እጅህን አንሳ» አለችው። ሰልፉ ሁሉ እያየ በጥፊ መታት። ኮሌጁንም ተወችው፣ ታክሲውንም ተወችው፣ እስከ ቤታችን ኮልፌ በእግሯ መጣች። በሩን ስከፍትላት ጉንጯ ላይ የጣቶቹ ምልክት ነበር።

«መልሼ መምታት እችል ነበር እማዬ» አለችኝ። «የቱ ጋ እንደምመታው ሁሉ አይቼ ነበር።»

ያልመታችው የውሹ ማስተራቸው ስላስማሏቸው ነው። የተማረውን መንገድ ላይ የተጠቀመ ቀበቶውን አስረክቦ ከክለቡ ይወጣል። እኔም ይህን መሐላ አጥብቄ ያዝኩት። ቅዳሜ ልብስ ስናሰጣ ግን የታጠበ ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች «ቀበቶው ቢቀርስ?» አለችኝ። «ሰኞ እኮ እዚያው አገኘዋለሁ።»

ምን ልበላት? እኔ የማውቀው ወያላ ሲነካ ጓደኞቹ ከየመኪናው እንደሚወርዱ ነው። ጎማ መፍቻ የያዘም አይጠፋም። ለአባቷም አልነገርንም። ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በልጁ ሲመጡበት ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም። ማወቅም አልፈለግሁም።

ፊልሙን ላላየ ሰው እንዲህ ነው። አንድ ሩዝ ተሸካሚ ወጣት አለ፤ እሱ አክተሩ ነው። የከተማው ጉልበተኛ ገበያ መሀል በጥፊ ይመታዋል። ወጣቱ ተራራ ላይ ወደሚኖር ሽማግሌ ይሄዳል፣ ብዙ ዓመት ውሃ እየቀዳ ይማራል። ሽማግሌው ለበቀል እንዳይማታ ያስምለዋል። በመጨረሻ ወጣቱ ተመልሶ ጉልበተኛው ፊት ይቆማል፣ እጁን ያነሳል። ጭቅጭቁ ከዚያ በኋላ በሆነው ነው።

«እጁን አወረደና ሄደ» አለ ባለቤቴ። «እዚሁ ኮልፌ ቪዲዮ ቤት ስንቴ አይቼዋለሁ። ጉልበተኛው እግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ።»

«ጋሼ፣ አንተ ያየኸው ሌላ ፊልም ነው» አለ ወንድሙ። «መታው። አንድ ቡጢ። ሰውዬው ሦስት ግድግዳ በስቶ ወጣ።»

«ሦስት?»

«እሺ ሁለት።»

«የአስኮ ግድግዳ ካርቶን ስለነበር ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። በሩ አጠገብ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከውሃው ሳታወጣ «ዝም ብሎ ከሄደ ጉልበተኛው ምን ይማራል?» አለች።

«በል መልስ ጋሼ!» አለ ወንድሙ። «ልጅቷ ገብቷታል። አንዴ መትቶህ ዝም ያልከው ሰው ነገም እጁን አይሰበስብም። አክተሩ ያንን ሁሉ ዓመት ውሃ የቀዳው ለምንድነው? አትክልት ሊያጠጣ ነው?»

ልጄ ራሷን ነቀነቀች። እንደ ቀልድ ሳይሆን ምክር እንደሚቀበል ሰው ነው የነቀነቀችው። ያን ጊዜ አፌ ሳላስበው ተከፈተ።

«ሁለታችሁም መጨረሻውን አላያችሁትም» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ» አለ ባለቤቴ እየሳቀ፣ «በር ላይ ቆሎ ስትሸጪ አልነበር? አንድ ቀን እንኳ ገብተሽ አታውቂም።»

እውነቱን ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ በዚያ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ቆሎ እሸጥ ነበር። ገብቼ አላውቅም። ግን ግድግዳው ቆርቆሮ ነበር፣ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምቀመጠው። ቻይንኛ የሚያውቅ ስለሌለ ተርጓሚ ነበረን። ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ይቀመጥና ምን እንደተባባሉ በአማርኛ ይነግራቸዋል። ባያውቀውም ይነግራቸዋል። የዚያ ፊልም ካሴት ደግሞ መጨረሻው የለም። ማጫወቻው ዴክ በልቶታል፤ ይህን ተርጓሚው ራሱ ቆሎ ሊገዛ ሲወጣ ነግሮኛል። አክተሩ እጁን ሲያነሳ ምስሉ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል፤ የቀረውን የሚጨርሰው ተርጓሚው ነው፣ በአፉ።

«እኛ ግን አስኮ...» አለ ወንድሙ።

«አስኮ የምታዩት የእኛኑ ካሴት ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ሰው በሳይክል መጥቶ ይወስደው ነበር። የተበላ ካሴት አስኮ ሲደርስ አይድንም። እናንተም ጋ መጨረሻውን የሚናገር ተርጓሚ ነበር።»

ወንድሙ ወደ ባለቤቴ ዞረ። ባለቤቴ «ግን እኮ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ከዚያ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው። የእኛ ተርጓሚ ሁሌም «እጁን አወረደ» ነበር የሚለው። ልጆቹ እያጉረመረሙ ይወጣሉ፣ ቆሎ ገዝተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ግን ውስጥ ያሉት «ምታው! ምታው!» እያሉ አግዳሚውን ሲደበድቡ እሱም አብሮ ሞቀውና «መታው፣ አጥንቱን ሰበረው!» አለ። በሩ ተበርግዶ እየተራገጡ ወጡ። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። አንዱ የሌላውን አፍንጫ ሲያገኘው ጨዋታው ቀረ፣ ድንጋይ ተነሳ። ቆሎዬ ጭቃ ላይ ተደፋ። ዓይኑን የተመታው ልጅ እግሬ ሥር ወደቀ።

«መንገድ ማዶ ጫማሽን የሚሰፋልሽ ሰውዬ ነው» አልኳት ልጄን። «አንድ ዓይኑ የማያየው።»

ልጄ ብርጭቆውን አስቀመጠች። የረታኋት መስሎኝ ነበር።

«እሺ እማዬ» አለች። «እኔን በጥፊ የመታኝስ? የእሱን መጨረሻ ማነው የሚነግረኝ?»

አባቷ እንዳለ ትዝ ሲላት አፏን በእርጥብ እጇ ያዘች። አባቷ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ከአልጋው ሥር ጫማውን ጎትቶ ማጥለቅ ጀመረ። ማሰሪያውን እንኳ አላሰረም።

«የት?» አለ። «የት ነው የመታሽ?»

ስንት ዓመት «እጁን አወረደ» ሲል የኖረው ሰው ነው እንዲህ የሆነው። «መታው» ሲል የኖረው ወንድሙ ደግሞ ዘሎ በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን ያዘው።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ።»

«ልቀቀኝ!»

«አልለቅህም። እትዬ፣ በሩን ቆልፊው።»

ቆለፍኩት። ቁልፉን ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ አንድ ሁለቴ ወንድሙን ገፋው፤ ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ። ልጄ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አልመታውም አባዬ። አንተም አትምታው። ግን ብቻዬን አልሄድም።»

ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አራታችንም አየር ጤና ነበርን። ወንድምየው ባለቤቴን እጁን ከጃኬቱ ኪስ እንዳያወጣ አስምሎት ነበር። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አኝክ ነበር። ወያላው ቀጭን ልጅ ነው፣ በዕድሜ ከእሷ ብዙ አይበልጥም። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ይላል። ልጄ ቀጥ ብላ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ሐሙስ ዕለት በጥፊ መትተኸኛል» አለች፣ ሰልፉ እንዲሰማ። «ለምን እንደመታኸኝ ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው።»

«ሂጂ ባክሽ፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»

«ንገራቸው።»

ወርዶ እጁን አነሳ። እሷ ወደ ኋላ አላለችም። እግሯን ብቻ ትንሽ ከፈት አድርጋ ቆመች፤ ግቢያችን ውስጥ ስትለማመድ ያየሁት አቋቋም ነው። የባለቤቴ ኪስ ከውስጥ ሲወጣጠር አየሁት።

ያን ጊዜ ከሰልፉ አንዲት ዘንቢል የያዙ ሴትዮ «እኔም ነበርኩ» አሉ። «አይቻለሁ። ዝም ብዬ ተሳፈርኩ። ዛሬ ግን የእሱ መኪና ላይ አልወጣም።» ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ ኋላ ላለው ታክሲ ሄዱ። ከኋላቸው የነበረው ሰውም ተከተላቸው። ከዚያ ሰልፉ እንዳለ ተጠመዘዘ። ተራ አስከባሪው መጥቶ ቢጮህ የሚሰማው አጣ፤ በመጨረሻ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታና ባዶውን እንዲወጣ አዘዘው። ሹፌሩ ወያላውን እየሰደበ መኪናውን አስነሳ። ወያላው ይቅርታ አላላትም። ያነሳውን እጅ ግን በሩን ለመዝጋት ነው የተጠቀመበት።

ልጄ ከሴትየዋ ጎን ተቀምጣ ወደ ኮሌጇ ሄደች። ታክሲው እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ አሁንም እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

ወንድሙ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «እትዬ፣ ይህን አስኮ ሄጄ ስናገር ማን ያምነኛል?»

«እንዳየኸው ተናገር» አልኩት። «ምንም እንዳትጨምርበት።»

«አንድ ቡጢ እንኳ?»

«አንድም።»