በሰኔ የተዘራ ጎመን

«ዘሬን ጥዬ ሄድኩኝ፣ ከደጃፍሽ አፈር…»

ፀዳል ከዚህ ወዲያ አታውቀውም። ጅቡቲ ከተማ፣ ባልባላ ሰፈር፣ ከአንዲቷ ክፍል ቤቷ ደጃፍ የተቀደደ የመኪና ሸራ እየሰፋች ታንጎራጉርና እዚህ ስትደርስ ዜማው ገደል እንደገባ ጭጭ ይላል። ቀጣዩን ስንኝ የሚያውቀው የከባድ መኪና ሾፌሩ ባሏ ሙሉሰው ነበር። ሙሉሰው ደግሞ አምና በጥር ከነተሳቢው ተገልብጦ መንገድ ላይ ቀረ።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ከእናቱ ጓሮ አንድ ጆንያ ጥቁር አፈርና አንድ ጭብጥ የጎመን ዘር ይዞላት ነበር። «ስመለስ ዘርተን አብረን እንበላለን» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፀዳል ቁጭ ብላ በልታ አታውቅም። ምድጃው አጠገብ እንደ ቆመች ሁለት ጉርሻ ትውጣለች፤ ያለ እሱ ገበታ መቅረብ ክህደት ይመስላታል።

ዘንድሮ ሰኔ ግም ሲል ያደገችበት ደጋ እጇን ጠራው። አፈሩን በተቆረጠ ጀሪካን ሞልታ፣ ዘሩን በተነች። የሰፈሩ የአትክልት ማኅበር ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ጅቡቲ ውስጥ ቲማቲምም ባሚያም የሚዘራው ጥቅምት ካለፈ በኋላ ነው፤ በሰኔ ያ እሳት የመሰለው ኸምሲን ነፋስ ሲነሳ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ገልብጠው ያርፋሉ።

«አይ እናንተ ደገኞች!» አሉ የማኅበሩ እናት እትዬ ጀዋሪያ፣ ሐረር ተወልደው እዚህ በንግድ ያረጁ ሴት። «ዘር እየዘራሽ ነው ወይስ ቆሎ እየቆላሽ?»

«እጄ ለምዶብኝ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄ ከበቀለ እኔ ጺም አወጣለሁ!»

በዘጠነኛው ቀን በቀለ።

ፀዳል ግን አላጠጣችውም። የውሃው ቦቴ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ የሚደርሳት ለጉሮሮዋም አይበቃም። ሆኖም በየማለዳው አፈሩ ርሶ ይገኛል። ጎረቤቷን ናዒማን ጠየቀቻት።

«እኔ ፊቴን የምታጠብበት አጥቼ ለጎመንሽ?» አለች ናዒማ።

አንድ ቀን፣ የንጋቱ አዛን እንዳበቃ፣ ፀዳል መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈች። በዚያ ሙቀት እንደ ደጋ ጤዛ ይቀዘቅዛል። ጣቷን አሸተተች፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። የሙሉሰው እጅ፣ በሳሙና ቢፈትጉት የማይለቀው ያ ሽታ። ለጀሪካኑ ጥላ ከዘረጋችው ሸራ ማዶ ደግሞ አንድ ሰው ያንጎራጉራል፤ እሷ የምታውቀው ስንኝ ድረስ መጣ፣ አለፈ፣ ቀጠለ… ቃሉ ግን አይለይም። ሸራውን ገለጠችው። ማንም የለም። አቧራው ላይ ከራሷ ዱካ በቀር ዱካ የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዛኑን እየቀደመች ከሸራው ጀርባ ትጠብቀው ጀመር።

ጎመኑ ሰፋ፣ ጠቆረ፣ አናቱ ላይ እንቡጥ አቆጠቆጠ። በማኅበሩ ደንብ ደግሞ ያለማችው ሳትቀምስ ማንም አይቀምስም። ሴቶቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ጠበቁ።

«ቁረጪው እንጂ!» አሉ እትዬ ጀዋሪያ። «ነገ ካበበ መራራ ነው። ጺሜን አሳድጌ ልጨርስ ነው እኮ!»

«ከቆረጥኩት… የሚያጠጣው አይመጣም።»

እትዬ ጀዋሪያ አልሳቁም። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ነክረው አሸተቱና «ቢስሚላህ» ብለው በሻሻቸው ጠረጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሙት የሚደክመው ለሚበላለት ሰው ነው። አንቺ ቆመሽ ስትበዪ እሱም ማረፊያ አጥቶ ቆሞ ቀረ።»

ፀዳል ቀኑን ሙሉ ሸራዋን ስትሰፋ ዋለች፤ አንዲት ስፌት ግን ቀጥ አላለችላትም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢላዋ ይዛ ወጣች። ግንዱ ሲቆረጥ እንደ ሰው እፎይ ያለ መሰላት።

በሽንኩርትና በዘይት አቁላልታ ሳህኑን ገበታው ላይ አኖረች። ሴቶቹ ውጭ ሆነው ይጠብቃሉ። እንደ ልማዷ ቆማ እጇን ልትሰድ ስትል፣ ነፋስ በሌለበት የበሩ መጋረጃ ተነሣ። የናፍጣ ሽታ ገባ፣ ጉንጯን ዳሰሰ። ያ እንጉርጉሮ እንደገና ጀመረ። ስታዳምጠው ከራሷ አፍ ነው የሚወጣው፦

«አንቺ ስትበዪ ነው፣ የኔ ነፍስ የሚያድር።»

መጋረጃው ተመልሶ ወደቀ።

«ፀዳል!» አሉ ከውጭ እትዬ ጀዋሪያ። «አፈሩ… አሁን፣ ዓይኔ እያየ፣ ድርቅ አለ!»

ፀዳል በርጩማውን ሳበች፣ ቁጭ አለች፣ ጎረሰች።