የሰይድ ሽቦ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለባሌ አልነገርኩትም፤ ሱጁድ ላይ ሆኜ ለአላህ ስነግረው እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ነበር የምሄደው፣ እሱ የማያውቅ ይመስል! አሁን ግን ልናገር ነው። ስትሰሙኝ "አይ ዛህራ፣ ለዚች ነው እንዴ ይህ ሁሉ?" የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። የነካሁት አንዲት ቁጥር ነው። በዚያች ቁጥር የሰው ስም አጠፋሁ።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የእንጨት መቅረጫ ቤት ያለኝ እኔ ነኝ። የአልጋ ራስጌ ወይም የቁም ሳጥን በር ያሠራችሁ ታውቁኛላችሁ። የሚቀርጸው እጄ አይደለም፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ነው። ሥዕሉን ላፕቶፕ ላይ አዘጋጃለሁ፣ ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ አስራለሁ፣ ከላይ የሚሽከረከረው ስለት ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ይቀርጸዋል። ደንበኛ ሁሉ "ከቻይና ነው ያስመጣሽው?" ይለኛል። እኔም ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ። ይቺም ዝምታ ከኃጢአቴ ትቆጠርብኝ፤ ማሽኑን የሠራነው እኔና ሰይድ ነንና።

ሰይድ ኮምቦልቻ አብሮኝ ሙያ የተማረ ልጅ ነው። እኔ ብረቱን፣ እሱ ኤሌክትሪኩን። የማሽኑን ፕላን ሰዎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀውታል፤ ኦፕን ሶርስ ይሉታል። ማንም አውርዶ ይሠራዋል፣ ያሻሽለዋል፣ እምቢ ሲለው ደግሞ እዚያው ኢንተርኔት ላይ ባለው የመወያያ መድረክ ጠይቆ ከየአገሩ መልስ ያገኛል። እኛም አወረድን። ሆጤ፣ በአጎቱ ግቢ፣ ፍየል ሲታሰርባት በነበረች ክፍል ውስጥ ጀመርነው። ሰይድ ሽቦ ሲዘረጋ ብታዩት! ሹሩባ የሚሠራ ነው የሚመስለው። ጫፍ ጫፉን በይዶ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ በእያንዳንዱ ላይ የት እንደሚሄድ ጽፎበት። "አቦ ቶሎ በል፣ ልታገባት ነው እንዴ?" እለው ነበር።

በጠረጴዛው ጫፍና ጫፍ ትንንሽ ስዊቾች አሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ማሽኑ ከልኩ ሊያልፍ ሲል ይነካቸዋል፣ ያኔ ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል፣ ላፕቶፑም ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ስዊቾቹ ይዋሹ ነበር። ማንም ሳይነካቸው፣ ስለቱን የሚያሽከረክረው ትልቁ ሞተር በሚፈጥረው ረብሻ ብቻ ማሽኑን ያቆሙታል። ሰይድ ሽቦዎቻቸውን ከሞተሩ ገመድ ለይቶ በሌላ በኩል አሳለፋቸው፤ ፒያሳን አስሶ ረብሻ የማያስገባ ሽፋን ያለው ገመድ አገኘና ቀየራቸው። ከዚያ ወዲህ ዋሽተው አያውቁም። "ከእንግዲህ ካቆመሽ እውነቱን ነው፤ እመኚው" አለኝ። ይህን ቃሉን ያዙልኝ።

የሰፈራችን መስጂድ ሲታደስ ለሚንበሩ፣ ኢማሙ ጁምዓ ጁምዓ ቆመው ኹጥባ ለሚያደርጉበት፣ ፊቱን እንድንቀርጽ ታዘዝን። እንጨቱን የሰጡን አያ ይማም ናቸው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ። አባታቸው የተከሉት ዋንዛ ሲወድቅ አሰንጥቀው ጣሪያ ሥር ስንት ዘመን ያደረቁት አንድ ሰፊ ሳንቃ ነው። "ለአባቴ ሰደቃ ይሁንልኝ" ብለው በሁለት እጃቸው አስረከቡን። ሌላ እሱን የመሰለ የለም።

ያን ዕለት ሰይድ እናቱን ሊጠይቅ ኮምቦልቻ ወርዶ ነበር። ሳንቃውን ብቻዬን አሰርኩት። ረጅም ስለሆነብኝ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋ አደረግኩት፣ ማሽኑ ቅርጹን የሚጀምርበትንም ነጥብ እዚያው አደረግኩ። ቅርጹ ከግማሽ ሲያልፍ ማሽኑ ቀጥ አለ፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ። እንደገና አስነሳሁት፤ እዚያው ቦታ ሲደርስ ቆመ። ደግሜ አስነሳሁት፤ ደግሞ ቆመ። ልብ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ሜትር አውጥቶ ይለካል። ሳንቃውን ከልክ በላይ ገፍቼው ይሆን ብሎ ራሱን ይጠይቃል። እኔ ግን ማንን ጠየቅሁ? "ደግሞ ጀመረው ይሄ የሰይድ ሽቦ!" ብዬ ቱግ አልኩ። መብራት እንዳይሄድ ፈርቻለሁ። አያ ይማምም ለዐስር ሶላት ሲወርዱ ጎራ ብለው ሊያዩት ነው። የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ስዊቾቹን የምትመለከት አንዲት መስመር አለች። አንድ ከተጻፈባት ማሽኑ ይሰማቸዋል፤ ዜሮ ከተጻፈባት ቢጮኹ ቢያብዱ አይሰማቸውም። አንድን አጠፋሁ። ዜሮ ጻፍኩ። እኔ ነኝ፤ በገዛ ጣቴ።

ከዚያ አቧራውን ሸሽቼ ደጅ ወጣሁና ከጎረቤት ጋር ወሬ ያዝኩ። ወሬው ሳያልቅ ከውስጥ ግርርርር የሚል ነገር ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ማሽኑ ጫፉን ገጭቶ ቦታውን ስቷል፤ ሥራውን ግን እንደ ጤነኛ ቀጥሏል። የእኛ ማሽን ሞተሮች ዓይን የላቸውም፤ የት እንዳሉ የሚያውቁት በቆጠራ ነው፤ ቆጠራው አንዴ ከተዛባ ሳያፍሩ እየተሳሳቱ ይሄዳሉ። ተቀርጾ ያለቀውን ሐረግ ስለቱ ከዳር እስከ ዳር ተርትሮታል። የአያ ይማም አባት ዋንዛ!

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ስህተት ነበር፤ ማን አይሳሳትም? እኔ ግን ምን አደረግኩ? ሳንቃውን እንኳ ከማንሳቴ በፊት ላፕቶፑ ላይ አጎንብሼ ዜሮዋን አጠፋሁና አንድን መለስኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። አያ ይማም መጡ፤ የተተረተረውን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "የአላህ ቀደር ነው፤ አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። ምነው በከዘራቸው በመቱኝ!

በማግሥቱ ሰይድ መጣ። ሳንቃውን አየና "ስዊቹ ለምን አላቆመውም?" አለ። ሴቲንጉን ከፈተ፤ አንድ ነው የሚለው። እንግዲያው ጥፋቱ ከሽቦው ነው። ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋልሎ እያንዳንዱን ብየዳ ሲጎትት፣ ሲነቅል፣ ሲለካ ዋለ። እኔ በስልኬ አበራለት ነበር። የሌለ ብልሽት ለሚፈልግ ሰው ብርሃን የያዘ እጅ ምን ይባላል? ሲጨንቀው የሽቦውን ፎቶ አንስቶ መድረኩ ላይ ለጠፈው። የማያውቁት ሰዎች ከየአገሩ መለሱለት፤ ሽቦህ ንጹሕ ነው፣ ሴቲንግህን የነካ ሰው እንዳለ ጠይቅ አሉት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ዛህራ፣ ነክተሽው ነበር እንዴ?"

"ወላሂ አልነካሁም።"

በአላህ ስም። እንዲህ በቀላሉ፣ ሳልንተባተብ። ሰይድ ደግሞ ማሐላ ከሰማ በኋላ ሁለተኛ የማይጠይቅ ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ "በቃ የኔ ነው" አለ።

ወሬው ተዛመተ። የኛ ሰፈር ስም ለማውጣት ማን ብሎት! ሻይ ቤት አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል "የሰይድ ሽቦ ነው!"፤ ባጃጅ አልነሳ ሲል "የሰይድ ሽቦ!"፤ ስልክ መሐል ላይ ሲቋረጥ "ምነው፣ በሰይድ ሽቦ ነው እንዴ የምትደውለው?" ሰው ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። አንድ ቀን፣ ደንበኛ ፊት መብራት ሲጠፋ፣ እኔው ራሴ አልኩት። አፈር ልብላ፣ አልኩት!

ሰይድ መበየጃውንም ካቻቢቴውንም ለኔ ትቶ ኮምቦልቻ ወረደ። ፋብሪካ ገባ፤ በሙያው እንዳይመስላችሁ፣ ካርቶን ይጭናል። "እጄ አይታመንም" ይላል አሉ፤ የጎረቤት አምፖል እንኳ አይቀይርም። ለሚንበሩ በሌላ እንጨት ሌላ ፊት ቀረጽኩ፤ ማሽኑንም ወደ ቧንቧ ውሃ ወሰድኩት፣ ስሙም ሥራውም የዛህራ ሆነ። ዓመታት አለፉ።

ከዚያ በቀደም ለት ሰይድ በሬ ላይ ቆመ።

በኛ ዘንድ ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ "አውፍ በሉኝ" ይላል፤ የሰው ሀቅ ተሸክሞ እዚያ መቆም የለምና። ሰይድ እናቱን ይዞ ሊሄድ ነው። ገባ፤ ማሽኑን ከሩቅ አየው፤ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

"ዛህራ፣ እማን ይዤ ልሄድ ነው። አውፍ በይኝ።"

"ምን አድርገኸኝ?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"ያንን ሳንቃ ነዋ። በኔ ሽቦ ሰው ፊት አፈርሽ።"

ያኔ ምን ማለት ነበረብኝ? ታውቁታላችሁ። ምን አልኩ? "አውፍ ብዬሃለሁ። አላህም አውፍ ይበልህ" አልኩ። የበደልኩትን ሰው ይቅር አልኩት! ሌባ ባለቤቱን "ግድ የለም፣ ትቼልሃለሁ" ሲለው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰይድ ግን ፊቱ በራ። "ጀዛኪላህ" ብሎ አመስግኖኝ ቁልቁል ሄደ። ሐሰተኛ ማሐላዬን ስንት ዓመት ተሸክሜ ችያለሁ፤ ያቺን "ጀዛኪላህ" ግን አንዲት ቀን መሸከም አቃተኝ።

ሱብሒን ሰግጄ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የእናቱ ቤት ለሽኝት ዱዓ በመጣ ሰው ሞልቷል። ደጃፉ ላይ አምፖል የሌለው ሶኬት በተቆረጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ሰይድን ከቤቱ ጀርባ፣ ከሮቶው አጠገብ ጠራሁትና ትንፋሼን ሳልውጥ አወጣሁት።

"ነክቼው ነበር። ዜሮ አድርጌው ነበር። አንተ ሳትመጣ መለስኩት። ወላሂ ያልኩህ በውሸት ነው።"

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "ስዊቹ አቁሞሽ ነበር?" አለኝ።

"ሦስቴ። ሳንቃውን እኔ ነኝ ከልኩ ያሳለፍኩት።"

"ሦስቴ?" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲዞር ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "እኔ እኮ እጄን ጠላሁት፣ አንቺ ልጅ! ገና ለገና እሳት አስነሳለሁ ብዬ የናቴን ቤት ሽቦ መንካት ፈርቼ በኩራዝ ስታመሽ አያታለሁ! ምን አድርጌሽ ነው?"

"ምንም" አልኩት። ፈርቼ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ አያ ይማምን አፍሬ ነበር የሚለው ሁሉ እሱ ፊት ሲደርስ አፌ ላይ ደረቀ።

እናቱ ጩኸቱን ሰምተው ብቅ አሉ። "ኧረ ምን ሆናችሁ በእንግዳ ፊት?"

ሰይድ ባወቅሁት ዓመታት ሁሉ አይቼበት የማላውቀውን ሳቅ ሳቀ፤ እንባውም አብሮ ይወርዳል። "እማ! ሽቦዬ ደህና ነበር!"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ እናቱ። "የምን ሽቦ ነው ልጄ?"

እኔም ሳቅሁ፤ አላስቻለኝም። ሰይድ ዓይኑን ጠረገና ጣቱን ቀሰረብኝ። "ትናንት የሰጠሽኝን አውፍታ መልሼልሻለሁ፤ ላንቺ ነው የሚያስፈልግሽ። የኔን ሀቅ አውፍ ብዬሻለሁ። ስሜን ግን ከሰው አፍ አንቺው ልቀሚልኝ። አንድም ሳይቀር።" ከግቢው ስወጣ ከኋላዬ "ወንበርና ካቻቢቴ አምጡልኝ እስቲ" ሲል ሰማሁት። ዞር ስል የደጃፉን ሶኬት ቀና ብሎ እያየ ነው።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ዳገቱን አላየሁትም። ረዳቱ "ደሴ ደርሰናል እኮ እቴ!" ብሎ ቀሰቀሰኝ። እንዲህ መቅለሌ አሳፍሮኛል፤ በደልኩ እኔ፣ ተጎዳ እሱ፣ እንቅልፉ የኔ? ግን ቀለለኝ፣ ልዋሻችሁ አልችልም፤ ውሸትማ በቃኝ።

ከመኪና ወርጄ በቀጥታ አያ ይማም ዘንድ ሄድኩ። "እርስዎ ቀደር ነው ያሉት የኔ ጥፋት ነበር" ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው። "ሳንቃው እንጨት ነው" አሉ። "በዚያ ልጅ ግን እኔም ከሰው ጋር ስቄበታለሁ። ሲመለስ አብረን እንወርዳለን፤ እኔም አውፍ የምለው አለኝ።"

እንግዲህ ለቀማዬን ጀምሬያለሁ። ሻይ ቤቱ ገብቼ ተናግሬያለሁ፤ ለባጃጅ ልጆቹ ተናግሬያለሁ፤ "ከቻይና ነው?" ላለኝ ደንበኛ ሁሉ እየተናገርኩ ነው። ሰው አፍ ግን ብዙ ነው፣ ብቻዬን አልችለውም፤ የጻፍኩላችሁም ለዚህ ነው። እኔን አውፍ ብትሉኝ ደስ ይለኛል፤ ባትሉኝም አልቀየማችሁም። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ መብራት ብልጭ ሲል፣ ባጃጅ እምቢ ሲል፣ አንዱ ቀልደኛ ያቺን ነገር ሲላት ከሰማችሁ "እሱማ ደህና ነበር፤ ዛህራ ናት ያጠፋችው" በሉልኝ። ዛህራ ብቻ ብላችሁም እንዳትተዉት፤ ዛህራ ብዙ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይታማ። የቧንቧ ውሃዋ፣ ባለ ማሽኗ ዛህራ በሉ።